ቅሬታ መከላከያ አይሆንም፦ የግል መኪና ማቆሚያ ክፍያ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት

በእንግሊዝና በዌልስ የግል መኪና ማቆሚያ ድርጅቶች የሚጠይቁት ክፍያ የመንግሥት ቅጣት ሳይሆን በአመዛኙ ከውል የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ስለሆነም የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው። ይሁን እንጂ «ክፍያው በዛ» በሚል ቅሬታ ብቻ የሚቆም መከላከያ፣ በእኔ እምነት፣ ደካማ ነው። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በፓርኪንግአይና በቢቪስ ክርክር፣ ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት 56 ደቂቃ ላሳለፈ ሰው የተጠየቀው 85 ፓውንድ ተገቢ ጥቅምን የሚያስጠብቅ እንጂ ሕገ ወጥ መቀጫ አይደለም ሲል ወስኗል። በዚያ ጉዳይ ማስታወቂያዎቹ ግልጽ እንደነበሩም አመልክቷል።

ተከሳሹ መጀመሪያ መመርመር ያለበትም ይህንኑ ነው። ማስታወቂያው በቀላሉ ይነበብ ነበርን? ከሳሹ ከመሬቱ ባለይዞታ ሥልጣን ተሰጥቶታልን? የተከሰሰው ሰው የመኪናው ያዥ እንጂ ነጂው ካልነበረ፣ የ2012ቱ የነፃነቶች ጥበቃ ሕግ አራተኛ ሠንጠረዥ ተሟልቷልን? በሠንጠረዡ መሠረት፣ በስፍራው ለነጂው ማስታወቂያ ካልተሰጠ፣ ደብዳቤው መኪናው ከቆመበት ዕለት ማግስት ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ለያዡ መድረስ አለበት። ከዘገየ ያዡን በያዥነቱ ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

መልሱም የሚታመነውን፣ የሚካደውን ከነምክንያቱ፣ እንዲሁም ከሳሹ ሊያስረዳ የሚገባውን ለይቶ ይዘርዝር። ከሌላ ሰው መዝገብ የተገለበጠ ረጅም ጽሑፍ ይህን አይተካም። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታ ነው፤ መጥሪያ ደርሶት በጊዜው ያልመለሰ ተከሳሽ፣ በእጁ ጠንካራ ክርክር እያለ፣ ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል።