ባትሪውን ሰክታችሁ አትሂዱ

እኩዮቼ፣ ጥምቀት ሲቃረብ ግማሻችን አገር ቤት ነን። ሁለት ሦስት ወር ከርመን ስንመለስ እዚህ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘን የምናወራው ስለ ጎንደር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ሰክተነው ስለሄድነው ባትሪ ማንም አያነሳም። ዛሬ እኔ አነሳለሁ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2019፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ ኮንሴፕሽን የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ ተቃጠለች። ከታች ተኝተው የነበሩት 34 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከላያቸው ሳሎኑ ውስጥ ስልኩም ካሜራውም ቻርጅ ላይ ነበር። መርማሪዎቹ እሳቱን ያስነሳው ይህ ነው ብለው አልቆረጡም፤ ማስረጃው አብሮ ነዷል። የቆረጡት ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ነቅቶ የሚዞር ጠባቂ አልነበረም። ካፒቴኑ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ቀርቦ 4 ዓመት ተፈርዶበታል። እኛ አውሮፕላን ላይ ሆነን ጋራዣችንን ማን ይዞርልናል?

የኤሌክትሪክ ጀልባ ያለን ጥቂቶች ነን። ስኩተር የማይነዳ፣ የልጅ ልጁ የኤሌክትሪክ ሳይክል ኮሪደሩ ላይ ያልቆመ ግን ማን አለ? በ2023 ኒው ዮርክ ከተማ ብቻ 18 ሰው በሊቲየም ባትሪ እሳት ሞቷል።

ሁለቱን ባትሪዎች፣ የአሲዱንና የሊቲየሙን፣ አታምታቱ። የአሲዱ ባዶውን ከከረመ ፕሌቱ ላይ ጨው ይጋገርበትና ዳግም ቻርጅ አይዝም። ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፣ በየወሩ ከልጆቻችሁ አንዱ መጥቶ ቻርጅ ያድርገው፤ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመርለት። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚተፋ መስኮት ይከፈት። እዚያው ዕጣን የምታጨሱ እንዳላችሁም አውቃለሁ፤ ተዉ።

ሊቲየሙ ተቃራኒው ነው፤ ሙሉ ሆኖ መክረም አይወድም። ግማሽ ገደማ ሲደርስ ንቀሉት፣ የሚወልቅ ከሆነ አውልቁት፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አኑሩት። በጁላይ የምትሄዱ፣ ጋራዡ ያኔ ምጣድ ነው። የሌላ ማሽን ቻርጀር አትዋሱለት። መውጫ በር ላይ ቻርጅ አታድርጉት፤ ከነደደ በየት ልትወጡ ነው? ካበጠ ወይም ከሸተተ ዳግም አትሰኩት፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አትወርውሩት፤ ከተማው ያለ ክፍያ የሚቀበልበት የአደገኛ ቆሻሻ ማዕከል አለው።

ቁልፍ የምትተዉለት ጎረቤትም ደብዳቤ ብቻ አይሰብስብ። ባትሪው የት እንዳለ ከመሄዳችሁ በፊት ወስዳችሁ አሳዩት፤ ጭስ ካየ እሳቱን ሊያጠፋ እንዳይገባ፣ ወጥቶ 911 እንዲደውል ንገሩት።