«ሁሉም ነገሩ ታድሷል» የተባለ አሮጌ ፒክአፕ

አሜሪካ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሳይገጥመው አይቀርም፤ «የ1969 ሼቭሮሌት ሲ-10 ፒክአፕ፣ ቪ8 ሞተር፣ ዝቅ የተደረገ፣ ሁሉም ነገሩ የታደሰ፣ ለሽያጭ የቀረበ»። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ቸርኬው ያብረቀርቃል። አባወራው ፎቶግራፉን ደጋግሞ ያያል። እማወራዋ ደግሞ «ስንት ነው? ልጆቹስ የት ይቀመጣሉ?» ትላለች። የእርሱም ምኞት ነውር የለበትም፤ የእርሷም ጥያቄ ተገቢ ነው። ችግር የሚመጣው ምኞቱ ከጥያቄው ቀድሞ ገንዘብ ሲከፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ማስታወቂያ አብረን እናንብብ።

መኪናው ምን ዓይነት ነው?

ሼቭሮሌት ይህን ቅርጽ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 ነው። ለገበሬው፣ ለግንበኛውና ለቧንቧ ሠራተኛው የታሰበ የሥራ መኪና ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሲ-10ዎች ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ጥቅል ሞላ ስለነበራቸው ከዘመኑ ፒክአፖች ይልቅ አካሄዳቸው ለስላሳ ነበር። ጋቢናው አንድ ረጅም ወንበር አለው። የነዳጅ ታንኩ የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው! ፋብሪካው ታንኩን ከጋቢና ያወጣው በ1973ቱ ሞዴል ነው። ሞተሩ በቀላሉ ስለሚደረስበትና መለዋወጫው ዛሬም እየተሠራ ስለሚሸጥ፣ መኪና መለወጥ የሚወዱ ሰዎች ይህን ፒክአፕ አብዝተው ይፈልጉታል።

«የታደሰ» እና «የተለወጠ» አንድ አይደሉም

የታደሰ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት የተመለሰ ነው። የተለወጠ ግን በአሮጌ ላሜራ ውስጥ የአዲስ ዘመን ዕቃ የተገጠመለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ በ1997 በኮርቬት የጀመረውና በ1999 ወደ ፒክአፖቹ ያመጣው የቪ8 ሞተር ቤተሰብ ይገባለታል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይከተላል፤ የፊቱ ታምቡር ፍሬን በዲስክ ይለወጣል፤ ታንኩም ከካሶኒው ሥር ይወርዳል።

ከእነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ ሕይወት የሚጠብቁ ናቸው። የፊት ዲስክ ፍሬንን ፋብሪካው ራሱ ለሲ-10 በመደበኛነት የሰጠው በ1971 ነው። ታንኩንም ከተሳፋሪ ጀርባ ማንሳት ብልህነት ነው። ነገር ግን የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ሆኖ ፍሬኑ የጥንቱ ከሆነ፣ ያ መኪና መሮጥ እንጂ መቆም አልተማረም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ሞተሩ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ፍሬኑ ይጠይቁት።

ምን እንመልከት?

1ኛ. ከሥር ይጀምሩ። መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ከኋላው አክሰል በላይ ያለው ሻንሲ ይቆረጥና ማጠናከሪያ ይበየድበታል። በጥሩ እጅ ከተሠራ ያገለግላል፤ በመጥፎ እጅ ከተሠራ ግን መኪናው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ብየዳው ወጥ ነው? ስንጥቅ አለው? በወፍራም ቀለም ተሸፍኗል?

2ኛ. ሜትር ይያዙ። በገበያ የበለጠ የሚፈለገው አጭር ካሶኒ ያለው ነው። ስለዚህ ረጅሙን ቆርጠው አጭር የሚያደርጉ አሉ። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ልክ በአጭሩ 115 ኢንች፣ በረጅሙ 127 ኢንች ነበር። ልኩ 115 ሆኖ በሻንሲው መካከል የብየዳ መስመር ከታየ፣ ሻጩ የሚያስረዳው ነገር አለ ማለት ነው።

3ኛ. ማግኔት ይያዙ። ውኃና ጭቃ የሚጠራቀመው ከበሩ ሥር ባለው ላሜራ፣ በጋቢናው የኋላ ማዕዘኖች፣ በፊት ፓራፋንጎ ታችኛው ጫፍና በወለሉ ላይ ነው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ በታች ስቱኮ እንጂ ብረት የለም።

4ኛ. የኤሌክትሪክ ገመዱን ይመልከቱ። በአዲስ ሞተርና በአሮጌ ገመድ መካከል የተንጠለጠለ፣ በፕላስተር የተጠቀለለና ፊውዝ የሌለው መስመር እሳት ጠሪ ነው።

5ኛ. ወረቀቱን ያመሳክሩ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ባለ 17 አኃዙ ቁጥር የመጣው በ1981 ስለሆነ ቁጥሩ ማጠሩ አያስደንግጥዎ፤ አለመመሳሰሉ ግን ያስደንግጥዎ። በማይል መቁጠሪያው ላይም ልብዎን አይጣሉ። ባለ አምስት አኃዝ ስለሆነ 99,999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል።

የጭስ ምርመራ ሕግ እንደየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖችን ከምርመራው ነጻ አድርጋለች። የእርስዎን ግዛት ሕግ ግን ሳይከፍሉ በፊት ይጠይቁ። «ኋላ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚል ካለም፣ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን ያስታውስ።

ልጆቹስ የት ይቀመጣሉ?

ወደ እማወራዋ ጥያቄ ተመለስን። በዚያ ዘመን በእነዚህ ፒክአፖች የተለመደው ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ነበር፤ ኤርባግ የለም፤ የኋላ ወንበር የለም። ለሕፃናት መቀመጫ የሚሆነው የታችኛው ማሰሪያ በአሜሪካ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው ከ2002 ወዲህ ነው። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል፤ ግን ቀበቶው የሚታሰርበት ብረት ራሱ መጠናከር ስላለበት በባለሙያ መሠራት አለበት። ስለዚህ ሕፃናት ላሉት ቤት ይህ መኪና የዕለት መጓጓዣ ሊሆን አይችልም። ለአሮጌ መኪኖች በተስማሙበት ዋጋ ዋስትና የሚሰጡ ድርጅቶችም አብዛኛውን ጊዜ ለየዕለቱ የሚነዳ ሌላ መኪና መኖሩን ይጠይቃሉ። እንግዲህ የምንነጋገረው መኪና ስለ መለወጥ ሳይሆን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መኪና ስለ መጨመር ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከተረፈው ነው ወይስ ለልጆች ትምህርት ከተቀመጠው?

ባልና ሚስት ፒክአፑን ከማየታቸው በፊት የመጨረሻውን ዋጋ ቁጭ ብለው ይስማሙና በወረቀት ይጻፉት። ካዩት በኋላ የሚተመን ዋጋ ዓይን የተመነው ነው። ከዋጋው በላይ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ። መካኒክም ይዘው ይሂዱ፤ የሻጩን ወዳጅ ሳይሆን የራሳችሁን። መኪና የሚለውጥ ሰው ያወጣውን ሁሉ ከሽያጩ መልሶ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ተሠርቶ ያለቀ መኪና ለገዢ ይጠቅማል። «ትንሽ ነው የቀረው» የተባለው ግን ያ ትንሹ ነገር ነው ቤት የሚያራቁተው።

ለሻጭም አንድ ቃል

የሚሸጡት እርስዎ ከሆኑ፣ የተቆረጠውንና የተበየደውን ሁሉ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ደረሰኞቹን፣ ሥራው ሲሠራ የተነሡትን ፎቶግራፎችና የሠራውን ጋራዥ ስም ያቅርቡ። ዋጋው በጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ያልተነገረ ብየዳ በአውራ ጎዳና ላይ ሲለቅ፣ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው የሰው ልጅ ነው።

ልጆቹ ላደጉለት፣ ዕዳ ለሌለበትና ቅዳሜ ከሰዓት ከልጁ ጋር ቁልፍ ይዞ ከሞተር ሥር መዋል ለሚወድ አባት ግን ይህ ፒክአፕ ደስ የሚል ንብረት ነው። በቅድሚያ ማግኔቱና ሜትሩ ኪስ ይግቡ፤ ቼኩ ደግሞ ለጊዜው ቤት ይቆይ።

ሰላም ሰንብቱ።