ሞክሼ ሰዎችና ሞክሼ ፊደላት



በጂቡቲ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኑሯቸው የተበታተነ ነው። አንዱ በወደብ፣ ሌላው በጭነት መኪና፣ ሌላዋ በንግድ ወይም በሰው ቤት ሥራ ላይ ትገኛለች። እነዚህን ሰዎች በኀዘንም ሆነ በደስታ ጊዜ የሚያገናኛቸው የስም ዝርዝር ነው። ዕድር ለቀብር ሲጠራ፣ ማኅበር ለበዓል ወረቀት ሲበትን፣ ጸሐፊው የሚመለከተው አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ከዚያ ሠንጠረዥ ስሙ የጠፋ ሰው፣ ኀዘን ሲደርስበት ደጁን የሚያንኳኳ አያገኝም። ስለዚህ የተደጋገመ ስም መሰረዝ ተራ የጽሕፈት ሥራ አለመሆኑን ልንገነዘብ ይገባል።

ድግግሞሽ በእርግጥ ጎጂ ነው። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ የመዋጮው ሒሳብም ይዛባል። ይሁን እንጂ ድግግሞሹን የሚያጠራ ሰው አስቀድሞ ሁለት ዓይነት ሞክሼ መኖሩን ይወቅ።

የመጀመሪያው የፊደል ሞክሼ ነው። «ኃይሉ ተሠማ» እና «ሀይሉ ተሰማ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በስሙ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ልዩነት ትፈጥራለች። በጂቡቲ ደግሞ የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ይጨመርበታል። «ተሾመ» በሚለው ስም ውስጥ ያለውን የ«ሾ» ድምፅ በላቲን ፊደል ሲጽፉት፣ እንግሊዝኛ የለመደው በኤስና በኤች፣ ፈረንሳይኛ የለመደው በሲና በኤች ይጽፈዋል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል።

ሁለተኛው የሰው ሞክሼ ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ በአንድ ዕድር ውስጥ ሁለት ከበደ ዓለሙ ቢገኙ አያስደንቅም። በሰልፍ ላይ ስም ሲጠራ ሁለት ሰዎች «አቤት» ቢሉ፣ አለቃው አንዱን ከሰልፍ አያስወጣም፤ የአያታቸውን ስም ይጠይቃል እንጂ። የፖስታ ሣጥን ቁጥርም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ ሣጥን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማልና። ባልና ሚስትም በአንድ ስልክ ሊመዘገቡ ይችላሉ።

እንግዲህ ሥራው በሥርዓት ይከናወን። በመጀመሪያ ፋይሉ ይቀዳ፤ ዋናው አይነካ። ቀጥሎ በአዲስ ዓምድ ስሞቹ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በሰባቱም ቤት ይመለሱ። የመጀመሪያው ዓምድ ግን እንዳለ ይቆይ፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበት መንገድ የራሱ ነውና። ከዚያም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ስልክ በአንድነት ይነጻጸሩ። የተመሳሰሉት ወዲያው አይሰረዙ፤ በአጠገባቸው «ይጣራ» ተብሎ ይጻፍ።

በፈረንሳይኛው ኤክሴል «ሱፕሪሜ ሌ ዱብሎን» የተባለው ትእዛዝ ድግግሞሽን በቅጽበት ያጠፋል። ነገር ግን ከላይ ያለውን ረድፍ አስቀርቶ ከታች ያሉትን ይሰርዛል። አዲሱ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከታች ስለሆነ፣ የቸኮለ ጸሐፊ የሚሠራውን ቁጥር ጥሎ የሞተውን ያስቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

የፋይሉ ዓይነትም ሊታወቅ ይገባዋል። ሲኤስቪ የተባለው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቀለምንም ሆነ ሁለተኛ ገጽን አይዝም። «ይጣራ» የሚለው በቀለም ሳይሆን በቃል ይጻፍ ያልነውም ስለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ዓምዶቹ በኮማ ይለያሉ፤ በፈረንሳይኛ በተዘጋጀው በነጠላና በነጥብ በተሠራው ምልክት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተላከ ዝርዝር ጂቡቲ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ዓምድ ተጨናንቆ ይታያል። ይህ ጥፋት ሳይሆን የመለያ ምልክት አለመግባባት ነው። የስልክ መነሻ ዜሮ እንዳይጠፋም ዓምዱ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ተብሎ ይሰየም።

ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ጽሕፈት ፕሮግራሞች የተሠራ ዝርዝር በሌላ ኮምፒዩተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ዝርዝር በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ።

የፋይል ዓይነትን ችላ ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 አይታለች። የኮሮና ምርመራ ውጤቶች ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዘው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ሲተላለፉ ሞልቶ ፈሰሰ። 15,841 በሽተኞች በወቅቱ ሳይቆጠሩ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙትን የማስጠንቀቁም ሥራ ዘገየ። አዲሱ ፋይል ግን 1,048,576 ረድፍ ይይዛል።

ውድ አንባብያን፣ ዝርዝር የምትይዙ ሁሉ ይህን አስተውሉ፦ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተጠራ ሰው ቢበዛ ይስቃል፤ በስሕተት የተሰረዘ ግን መሰረዙን እንኳ አያውቅም፤ ወገኖቹ ረሱኝ ብሎ ያዝናል። ኮምፒዩተሩ ጥርጣሬውን ያሳያችሁ፤ ፍርዱን ግን ስልክ አንሥታችሁ፣ ሰውየውን ጠይቃችሁ እናንተው ስጡ።