ታብሌቴን በቁጥር አትግደሉብኝ

«ስንተኛው አንድሮይድ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ ደሜ ይፈላል። በአሮጌ ታብሌት ላይ ከስተም ሮም ስለመጫን ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሞባይል ጠጋኙ እስከ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው ድረስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ይፈጥናል ወይ? ዋይፋዩ ሳይቆራረጥ ይሠራል ወይ? ማታ ሞልቶ ያደረው ባትሪ ጠዋት ስንት ይቀረዋል? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይበቃል። ታብሌቱ አንድ አፕ እስኪከፍት ባለቤቱ እያዛጋ ይጠብቃል፤ ግን «አሥራ አራት እኮ ነው!» እያለ ለጓደኛው ያሳያል። እኔ ይህን ከአምልኮ ለይቼ አላየውም። መሥዋዕት የሚሆነው ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ነው።

የቁጥሩን ወንጀል የጀመሩት አምራቾቹ ናቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጎግል በአሱስ አሠርቶ ኔክሰስ 7ን በ2012 ሲያወጣ ዋጋው ከ199 ዶላር ይጀምር ነበር። ቴግራ 3 ፕሮሰሰር፣ አንድ ጊጋባይት ራም፣ ሰባት ኢንች ስክሪን፣ አንድሮይድ 4.1። ያን ጊዜ ይበር ነበር። ወራት ሲያልፉ መጎተት ጀመረ፤ ምክንያቱም ታወቀ። የተሰረዙ ፋይሎች የያዙት ቦታ በወጉ ስለማይጸዳ የውስጥ ሜሞሪው መጻፍ ሲበዛበት ይታፈን ነበር። በ2013 የወጣው አንድሮይድ 4.3 ትሪም የሚባለውን የጽዳት ሥራ አስገባለትና ታብሌቱ ነፍስ ዘራ። አፕዴት ሲባል እኔ የምረዳው እንዲህ ያለውን ነው፤ የታመመውን ቦታ ፈልጎ የሚያክመውን።

ከዚያ በ2014 መጨረሻ አንድሮይድ 5.0 መጣ። በይፋ፣ ከራሱ ከጎግል። ከተቀበሉት ብዙዎቹ ተጸጸቱ። ኪቦርዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ አፕ መቀያየር ፈተና ይሆናል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ጥቂት አስተካክለው 5.1.1 ላይ አቆሙና ጥለውት ሄዱ። ዕውቀቱ ያላቸው ሰዎች ግን ወደ 4.4 መልሰው ሲጭኑት እንደ ቀድሞው ሠራ። ፕሮሰሰሩም፣ ባትሪውም፣ ስክሪኑም ያው ናቸው። «ዕቃው አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» የተባለው እንግዲህ ቅጥፈት ነበር። ያላረጀውን ዕቃ ከአቅሙ በላይ አሸክመው ሲንገዳገድ አየን ብለው ሞት ፈረዱበት።

ከአምራቾቹ ይልቅ የሚያናድዱኝ ግን የኛዎቹ ሮም አሳዳጆች ናቸው፤ ከዚያው ወጥመድ አምልጠው ተመልሰው ይገቡበታልና። ከስተም ሮም ማለት አምራቹ የተወውን ዕቃ ሌሎች ከአንድሮይድ ክፍት ኮድ ላይ ሠርተው የሚያለብሱት ሶፍትዌር ነው። ስቲቭ ኮንዲክ በ2009 ሳያኖጅንሞድን ሲጀምር መነሻው ከስልኩ የተሻለ ነገር ማውጣት ነበር። በ2016 መጨረሻ በዚህ ስም የተቋቋመው ኩባንያ አገልግሎቱን ሲዘጋ ኮዱ ክፍት ስለነበር በዚያው ሳምንት ሊኔጅኦኤስ ተብሎ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሥራ ዛሬ በብዙዎች እጅ የቁጥር ውድድር ሆኗል። አንዱ ባለ አንድ ጊጋ ራም ታብሌት ላይ የዓመቱን አንድሮይድ ይጭናል። ማስታወሻውን ስታነቡት «የማይሠራው፦ ካሜራ፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮፎን። የሚሠራው፦ ይበራል» ሊል ምንም አይቀረው። ጭብጨባው ግን አይጣል ነው።

ካሜራው ለምን እንደሚሞት የሚጠይቅ ቢኖር ኖሮ ጭብጨባው ይቀንስ ነበር። የካሜራው፣ የቪዲዮው፣ የግራፊክሱ ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ቺፑን የሠራው ኩባንያ የዘጋው ኮድ ነው፤ የተጻፈውም ለዚያ ዘመን አንድሮይድ ነው። ኩባንያው ሲሄድ ድራይቨሩ ባለበት ይቀራል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ2012 ከሞባይል ፕሮሰሰር ገበያ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የእሱን ቺፕ የያዘው ጋላክሲ ኔክሰስ አንድሮይድ 4.4 ሳይደርሰው ቀረ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ 2ም የዚያው ቺፕ ቤተሰብ ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ አዲስ ሲስተም የሚጭን ሰው አዲሱንና አሮጌውን በመጠጋገኛ ኮድ እያጋጠመ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የሚለቀው ካሜራው ነው። ጎግል ራሱ ችግሩን አምኖ ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ፣ በ2017፣ ሲስተሙን ከድራይቨሩ የሚለየውን ትሬብል አመጣ። ከዚያ በፊት ለወጡት አብዛኞቹ ግን አልደረሰላቸውም።

ታዲያ ሁላችንም 4.4 ላይ እንቀመጥ? አይደለም። እዚህ ላይ የ«ድሮ ይሻላል» ባዮችም ይስሙኝ። ከ7.1.1 በታች ያሉ አንድሮይዶች ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለውን፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ሰርተፊኬት ሰጪ መሠረታዊ ሰርተፊኬት በውስጣቸው አልያዙም። የቀድሞው ማለፊያ በ2021 ጊዜው አልፎ በሌላ መላ እስከ 2024 ተጎትቶ ነበር፤ እሱም አበቃ። ጎግልም በ2023 የፕሌይ ሰርቪስ ድጋፉን ከ4.4 ላይ አንስቷል። ስለዚህ የ2012ቱ ኔክሰስ 7 በ4.4 ሲሆን ፈጣን የመጽሐፍ፣ የመዝሙርና የመዝገበ ቃላት ዕቃ ነው፤ የባንክ ሥራ ግን አታስጠጉበት። የ2013ቱ ወንድሙ ይለያል። ስናፕድራገንና ሁለት ጊጋ ራም ስላለው ጎግል 6.0.1 ላይ ቢተወውም ሊኔጅኦኤስ እስከ አንድሮይድ 11 አድርሶታል። የ2019ኙን ጋላክሲ ታብ ኤስ5ኢ ሳምሰንግ 11 ላይ ሲያቆመው ሊኔጅ አልፎ ወስዶታል። እነዚህ ላይ ቁጥሩ የጨመረው ዕቃው ስለቻለና ኃላፊነት የወሰደ ሰው ስላለ ነው። እኔ ሮም ስመርጥ የማየው ይህንን ነው፦ ለዚህ ሞዴል በስሙ የቆመ አለ? የደኅንነት ጥገናው አሁንም ይለቀቃል? ወይስ አንድ ሰው ለክረምት መዝናኛ ሠርቶ ትቶት ጠፍቷል? የመጨረሻው ከሆነ አሥራ ስድስትም ቢሆን አልነካውም።

ፍጥነትን በተመለከተ ደግሞ ምሥጢሩ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። ጎግል በ2009 ለኮንዲክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮ የራሱን አፖች ከሮሙ እንዲያወጣ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ሮሙና የጎግል አፖች ለየብቻ ይጫናሉ። ሊቀጣን ብሎ ባለውለታችን ሆነ! ምክንያቱም አንድ ጊጋ ራም ያለውን ታብሌት ቀን ከሌሊት የሚያደክመው ከጀርባ የሚሠራው የጎግል አገልግሎት ነው። አትጫኑት። ኤፍ-ድሮይድ በሚባለው የክፍት ኮድ አፖች መደብር ላይ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ብራውዘር ሞልቷል። የጎግል አፖች ግድ ከሆኑም ትንሹን ጥቅል ብቻ። ከስልኩ ጋር የማይፈለጉ አፖች ጭኖ የሚልከው አምራችማ... እሱን ሌላ ቀን።

ሮም መጫን ዋጋ እንደማያስከፍል አድርጌ አላወራም። ዕቃው ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ቡትሎደር ሲከፈት በውስጡ ያለው ዳታ ሁሉ ይጠፋል። ሳምሰንግ ላይ ዕቃው መነካቱን የሚመዘግበው የኖክስ ምልክት አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ብዙ የባንክ አፖች አልከፍትም ይላሉ፤ ኔትፍሊክስም የምስሉን ጥራት ሊያወርድ ይችላል። ይህን እያወቅሁ ነው ጫኑ የምለው፤ ያለበለዚያ ጥገና የማያገኝ የተዘጋ ዕቃ ይዞ መቀመጥ ነውና።

የመዝጋት ነገር ከተነሳ የወንጪንና የወለንጪቲን ልጆች ላስታውሳችሁ። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ለሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌት ከፀሐይ ቻርጀር ጋር ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረባቸው በዚያው ዓመት እንደተናገሩት ካሜራው በሶፍትዌር ተዘግቶ፣ የስክሪኑ ገጽ እንዳይለወጥ ታስሮ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት ልጆች በወራት ውስጥ ገጹን እንደየፍላጎታቸው አደረጉት፣ ካሜራውንም አስነሱት። ማንም «ዋስትናህ ፈረሰ» አላላቸውም። እኛ በገዛ ገንዘባችን የገዛነውን ለመክፈት ግን ፈቃድ እንለምናለን። ሁዋዌ በ2018 የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠቱን አቆመ። ስም የለሽ ርካሽ ታብሌት ሻጮች ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ፈቃድ ኮዱን እንዲለቁ እያስገደዳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ፤ ስለዚህ ለእነዚያ ዕቃዎች ደኅና ሮም አትፈልጉ፣ አይገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አዲስ የሚገቡ ስልኮችና ታብሌቶች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሲስተም አፕዴት እንዲያገኙ በሕግ አዟል። ከዱባይና ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣልን አሮጌ ታብሌት ግን ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተሸጠ ነው። ለእሱ ከሮም ሌላ ጠበቃ የለውም።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ለሞባይል ቤት ልጆች ነው። በፍላሽ ዲስካችሁ ላይ ያገኛችሁትን ፋይል ሁሉ አትጫኑ። የሞዴል ቁጥሩን ከሴቲንግ ውስጥ አንብቡ፤ የጋላክሲ ታብ ኤስ5ኢ ሁለቱ ሞዴሎች ኤስኤም-ቲ720 እና ኤስኤም-ቲ725 አንድ መልክ ቢኖራቸውም አንዱ ሲም ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም፤ ሮማቸውም ለየብቻ ነው። የፋብሪካውን ሶፍትዌር አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ዳታው እንደሚጠፋ ለባለቤቱ ንገሩት። እሱም «ስንተኛው አንድሮይድ ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት «ምን ልትሠራበት ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።