ፕሪሚየም ናፍጣ ወይስ መደበኛ? የኛ ምርጫ ሌላ ነው



ዛሬ የማወራው ስለ ሰሊጥም ስለ ገብስም ዋጋ አይደለም፤ ሁለቱንም ተሸክሞ ስለሚያመጣው ስለ ናፍጣ ነው። ሰሞኑን ከደባርቅ በኩል አንድ የዩኒየን ሰው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዩኒየናቸው አዲስ ፒክአፕ ገዝቷል። ውጭ አገር ያለ ዘመዳቸው ደግሞ «መደበኛውን ትታችሁ ፕሪሚየም ናፍጣ ቅዱ፣ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል» ብሏቸዋል። የቱ ይሻላል ነው ጥያቄያቸው።

መልሴ አጭር ነው፦ እዚህ ማደያ ላይ ያ ምርጫ የለም። አዘዞም ቅዱ ፒያሳ፣ ዳባትም ቅዱ ደባርቅ፣ የሚቀዳላችሁ አንድ ነጭ ናፍጣ ነው። የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት፣ ዋጋውን የሚያወጣው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ከከተማ ከተማ ያለው ልዩነት የማጓጓዣ እንጂ የጥራት አይደለም።

ውጭ አገር ፕሪሚየም የሚሉትም ተአምር የለውም። በመደበኛው ናፍጣ ላይ የኢንጄክተር ማጽጃ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሴቴን የሚባለው ቶሎ የመቀጣጠል ደረጃው ከፍ ይላል። አውሮፓ ውስጥ መደበኛው ራሱ ከ51 ሴቴን በታች እንዳይሆን ደረጃ ወጥቶለታል። እዚያ ጥያቄው «ጥሩ ወይስ ትንሽ የተሻለ» ነው። መኪናችሁ ሊማሊሞ ላይ ጥቁር ጭስ ቢተፋ ደግሞ ፕሪሚየም አያድነውም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውንና ተርቦውን አሳዩ።

እኛ ጋ ያለው እውነተኛ ምርጫ ሌላ ነው፦ ማደያ ተሰልፎ መቅዳት ወይስ መንገድ ዳር በጄሪካን መግዛት። የሚገርመው፣ ፕሪሚየም ዋጋ የምንከፍለው ለጄሪካኑ ነው፤ ጥራቱ ደግሞ ከማደያው ያነሰ ነው። ጭማሪው የሰዓት ዋጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እኔም ከፍያለሁ፣ አልዋሽም። አምና ነጭ ሽንኩርት ጭኜ ከደባርቅ ልወርድ ስል ማደያው ደረቀ። ሁለት ቀን ጠብቄ በሦስተኛው ከበርሜል ገዛሁ። ዳባትን ሳላልፍ መኪናው ጉልበት አጣ። መካኒኩ ፊልትሮውን ፈትቶ ናፍጣውን በጠርሙስ ሲያወርደው ከሥር ውሃ ተኛ። ሁለት ኢንጄክተር ተቀየረ። የዚያን ጉዞ ትርፍ ብቻ አይደለም፣ የሚቀጥለውንም ሁለት ጉዞ በላው።

ለምን ይቀላቀላል? በመንግሥት ተመን ኬሮሲንና ናፍጣ እኩል ዋጋ ነበራቸው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ተመን አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ተመን ቀላቅሎ ማትረፍ አይቻልም ነበር። ጄሪካን ገበያ ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ከተመን በላይ የሚሸጥ በርሜል ውስጥ የተጨመረ ማንኛውም ሊትር፣ ላምባም ይሁን ውሃ፣ ትርፍ ነው። ላምባ ፖምፓውን የማለስለስ አቅሙ ደካማ ነው። የድሮው አይሱዙ ትንሽ ይታገሠው ይሆናል። አዲሱ ኮመን ሬል ግን ከ1,000 ባር በላይ ግፊት የሚሠራ ነው፣ ይቅርታ አያውቅም።

አሁን ወደ ገበያችን እንምጣ። በራሴ ደብተር ኤፍ ኤስ አር 60 ኩንታል ጭኖ ደባርቅ ጎንደር ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ 60 ሊትር ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ በሊትር 10 ብር ሲጨመር በጉዞ 600 ብር፣ በኩንታል 10 ብር ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ጄሪካኑ ከተመኑ በስንት ብር በለጠ? ያንኑ ያህል ከኩንታሉ ላይ ይነሳል። መተማ የሚመላለስ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ግን 200 ሊትር ቢጨርስ ያው 10 ብር በኩንታል 5 ብር ብቻ ነው የሚደርስበት። የሰሊጥ ነጋዴው ከገብስና ከሽንኩርት ነጋዴው የተሻለ የሚችለው ለዚህም ነው።

ታዲያ ይህን ማን ይከፍላል? ብቅል ፋብሪካው ጎንደር ላይ ለገብስ የሚከፍለው ስለኛ ጄሪካን አይቀየርም። ነጋዴው ዳባትና ደባርቅ ላይ ዋጋ ሲቆርጥ ከጎንደር ዋጋ ጭነቱን ቀንሶ ነው። ስለዚህ የጄሪካኑን ጭማሪ የሚከፍለው መኪና እንኳ የሌለው ገበሬ ነው፤ ሳይነገረውም ነው የሚከፍለው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ተመኑም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ሲንሳፈፍ ነጭ ናፍጣ አዲስ አበባ ላይ ከ83 ብር ከ74 ሳንቲም በመስከረም 2017 ወደ 90 ብር ከ28 ገባ፣ ከዚያም በሦስት ወር 98 ብር ከ98 ደረሰ። ግን ተመን ሲጨምር ሁሉም ያውቀዋል፣ ተደራድሮም ይካፈለዋል። የጄሪካኑ ጭማሪ ድብቅ ስለሆነ ደላላው ያሻውን ይጨምርበታል።

«መኪናዬ አንድ ቀን ከሚቆም ጄሪካን ይሻለኛል» የሚለኝ ሹፌር አለ። አልፈርድበትም፤ ሽንኩርት ሲበሰብስ ተመን አይጠብቅም። እኔ የምለው ይህን ነው፦

1. የጭነት ውል ስትጽፉ የናፍጣውን ዋጋ ለብቻው አስፍሩት። ከማደያ ከተቀዳ የቴሌብር ደረሰኝ ይቅረብ። ደረሰኝ ከሌለ ጭማሪው ስንት እንደሆነ ገበሬውም ይወቀው።

2. ዩኒየኖች የመኸር ጭነት ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልጋችሁን ሊትር አስልታችሁ፣ ለንግድ መምሪያ በጽሑፍ አቅርቡ። በተናጠል ከምንሰለፍ በጋራ ብንጠይቅ ይሻላል።

3. የግድ ከበርሜል ከገዛችሁ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ቅዱና አሳድሩት። ከሥር ውሃ ከታየ፣ ወይ ላምባ ላምባ ከሸተተ ተዉት። የፊልትሮውን ውሃ ቶሎ ቶሎ አፍስሱ። አዲስ ኮመን ሬል ውስጥ ግን ፈጽሞ አታስገቡት።

ለጠያቂዬ፦ ጋሼ፣ ፕሪሚየም አይፈልጉ። ፒክአፑን ከማደያ ብቻ ያስቀዱት፣ ፊልትሮውንም በጊዜው ያስቀይሩት። ለዘመድዎ ደግሞ እኛ ገና መደበኛውን በመደበኛ ዋጋ ማግኘት እየታገልን እንደሆነ ይንገሩልኝ።

የእናንተ መስመር በኩንታል ስንት ይወጣል? መስመሩን፣ ጭነቱንና የጨረሰውን ሊትር ጻፉልን፤ ሰብስበን እናወጣዋለን። መልካም ገበያ።