የሙዳየ ምጽዋቱ ቍልፍ

በዚህ ወር የምንጽፍላችሁ ስለ ምሥጢር አጠባበቅ ነው። ለዚህም ያነሣሣን በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እናት ወደ ገበያ ሲወርዱ ስልካቸውን ለልጃቸው ትተውለት ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው ደወለና፥ «እናትህ ሽልማት ደርሷቸዋልና በጽሑፍ የመጣልህን ቍጥር አንብብልኝ፤ በድንገት ደስ እንዲላቸው ግን አትንገራቸው» አለው። ልጁም ቍጥሩን አነበበ፤ እናቱ ሲጽፉ ያየውንም የምሥጢር ቍጥር ጨመረለት። ለትምህርት ተብሎ የተጠራቀመውም ገንዘብ ወዲያው ወጣ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንድ የዘጌ ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚልከውን መልእክት በደንገል ታንኳ ለሚሻገረው ቀዛፊ በቃሉ ቢነግረው፥ ቀዛፊው ምሥጢሩን ያውቃል፤ መንገድ ላይ ለጠየቀውም ሊነግር ይችላል። በስልክ የምንልከውም ጽሑፍ እንዲሁ ብዙ መሣሪያዎች እየተቀባበሉት ይሄዳል። ስለዚህ ቃሉን ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መለወጥ አስፈለገ። ይህም ምስጠራ ይባላል።

እስቲ በፊደል ገበታችሁ ሞክሩት። በሀ ሁ ተራ እያንዳንዱን ፊደል፥ ግዕዙን በግዕዝ፥ ራብዑን በራብዕ፥ ሳድሱን በሳድስ እያደረጋችሁ፥ ቀጥሎ ባለው ፊደል ለውጡት። «ጣና» የሚለው «ጫኛ» ይሆናል፤ «ባሕር ዳር» የሚለውም «ታምስ ጃስ» ይሆናል። ቍልፉ «አንድ ወደ ፊት» የሚለው ነው። ነገር ግን የፊደላችን ቤቶች 33 ስለ ሆኑ፥ 32 ጊዜ የሞከረ ሰው ይፈታዋል። ዛሬ በስልክ የሚሠራበት ምስጠራ ግን ቍልፎቹ እጅግ ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ አንድ በአንድ ሞክሮ ለመጨረስ ለፈጣን መሣሪያም ዘመን አይበቃውም።

ይሁን እንጂ ቍልፉን ራሱን ሩቅ ላለ ሰው እንዴት እንላክለት? ለቀዛፊው ብንሰጠው እርሱም ይከፍታል። በ1969 ዓ.ም. ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ለዚህ መንገድ መኖሩን አሳዩ። የሙዳየ ምጽዋትን ነገር አስቡ፤ ቀዳዳው ለሁሉ ክፍት ነውና ማንም ሳንቲሙን ይከታል፤ አውጥቶ የሚቈጥረው ግን ቍልፍ ያዡ ነው። እንደዚሁም አንዱ ቍልፍ መዝጊያ ብቻ ስለ ሆነ ለሁሉ ይሰጣል፤ መክፈቻው ግን ከባለቤቱ ስልክ አይወጣም። ዋትሳፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክትን ሁሉ ከላኪ እስከ ተቀባይ በምስጠራ ያደርሳል፤ በቴሌግራም ግን እንዲህ ያለው ጥበቃ የሚገኘው ምሥጢራዊ ውይይት በተባለው ክፍል ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ሌባ አንድም መዝጊያ አልሰበረም፤ ቍልፉን ለምኖ ተቀበለ እንጂ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በብዙ ቤት ስልክ የገንዘብ ከረጢት ሆኗልና የሚከተለውን ያዙ።

በጽሑፍ የሚመጣላችሁን ቍጥር፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ ለሚላችሁም ቢሆን፥ አታንብቡለት።

ባለ 4 አኃዝ የምሥጢር ቍጥር 10,000 ዓይነት ነው፤ ባለ 6 አኃዝ ግን 1,000,000 ዓይነት ነው። ስለዚህ ረዘም ያለው ይሻላል፤ የልደት ዓመትን ግን ጎረቤትም ያውቀዋልና ተዉት።

በብዙ አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ እንደማይከፈት፥ እናንተም ለመልእክት መጻፊያችሁ ሁለተኛ መዝጊያ ጨምሩለት።

ከሁሉ በላይ ሁለቱን ምሥጢር ለዩ። የቤታችሁን ቍልፍ ከእንግዳ ሰው ሰውሩ፤ እንግዳ ሰው «ለእናትህ አትንገር» ያለውን ግን በዚያው ሰዓት ንገሩ።

ወላጆች ሆይ፥ ያ ልጅ ዱላ ፈርቶ እስከ ማግሥቱ ዝም አለ። ለባንኩ ወይም ለስልኩ ድርጅት በቶሎ ቢነገር ኖሮ ገንዘቡ ሳይሸሽ ሊታገድ ይችል ነበር። በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማጭበርበር በአዋጅ ቍጥር 958/2008 ያስቀጣልና ለፖሊስም ማመልከት ይገባል። ነገር ግን ልጁ ካልነገራችሁ ከየት ታውቃላችሁ? በተሳሳተ ጊዜ ወደ እናንተ እንዲሮጥ ዛሬውኑ ቃል ግቡለት።

ልጆች፥ የዚህ ወር ሥራችሁ ይህ ነው፤ አንድ ፊደል ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ፍቱት፦

«ፐጭኛኅሉ ኝጠሱ»