የቤት ኤሌክትሪክ ሲታወክ ጥፋቱን ከምንጩ ጀምሮ ስለ መፈለግ

በአንድ ቤት ውስጥ ምጣዱ አልግል ሲል፣ ማቀዝቀዣው እያቃሰተ ሲቆም ወይም ቴሌቪዥኑ ድንገት ሲጠፋ፣ የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ቃል «ዕቃው ተበላሸ» የሚል ነው። ከዚህም በኋላ ዕቃው በባጃጅ ተጭኖ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። ጠጋኙ በሱቁ ሶኬት ላይ ሲሰካው ግን ደኅና ሆኖ ይሠራል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ከቤት ሲደርስ ዕቃው እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ይህ በብዙ ቤት የሚደርስ ነገር ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የኤሌክትሪክ ጥፋት በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ ለመግለጽ አስበናል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሕይወት የሚነካ ነው።

የጫግኒ ሰው የኤሌክትሪክን ታላቅነት በወሬ ብቻ የሚያውቅ አይደለም። የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ አውርዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ጎረቤታችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የዐባይ ግድብም በከተማችን በኩል አልፎ ወደ ጉባ በሚወርደው መንገድ የሚደረስበት ነው። ዳሩ ግን የወንዙ ኃይል ምንም ያህል ቢበዛ፣ በግድግዳችን ላይ ያለችው የአንዲት ሶኬት ብሎን ከላላች እንጀራው አይጋገርም። ከግድቡ እስከ ምሰሶው ያለውን መንገድ የሚጠብቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለውን ጥቂት ሜትር መጠበቅ ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው። ብዙው ጥፋት የሚገኘውም በዚሁ በመጨረሻው ጥቂት ሜትር ላይ ነው።

ጥፋቱን ለመፈለግ አስቀድሞ ሦስት ቃላትን ማወቅ ይጠቅማል፤ እነርሱም ቮልት፣ አምፔርና ዋት ናቸው። የጎጃም ሰው የውሃ ወፍጮን ስለሚያውቅ በዚያ እንመስለዋለን። ቮልት ውሃው ከላይ ሲወርድ የሚኖረው ግፊት ነው፤ አምፔር በቦዩ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ነው፤ ዋት ደግሞ በሁለቱ አንድነት ወፍጮው የሚዞርበት ኃይል ነው። ስለዚህ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋቱን ይሰጣል። ቮልት የሚለው ስም የመጣው የመጀመሪያውን ባትሪ በ1800 እ.ኤ.አ. ለዓለም ካስታወቀው ከጣሊያናዊው ሊቅ ከአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት እንዲሆን የታሰበ ነው።

እንግዲህ ፍለጋው እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በተራ ይሁን። ፊደል ሳይለይ ወደ ቅኔ የሚሮጥ ተማሪ እንደሚደናገር ሁሉ፣ ምንጩን ሳይመረምር ዕቃውን የሚፈታ ሰውም ይደናገራል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የጠፋው በእኛ ቤት ብቻ ነውን?» የሚል ነው። የጎረቤትም መብራት ከጠፋ ነገሩ የመሥመሩ ነውና መጠበቅ ነው። ጎረቤት እያበራ የእኛ ቤት ሁሉ ከጨለመ፣ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር እንመልከት። አንዱ ክፍል ብቻ ከጠፋ የዚያ ክፍል ብሬከር ወይም ሽቦ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ በሶኬቱ፣ በስፒናው ወይም በዕቃው ላይ ነው።

ሶኬቱን ከዕቃው ለመለየት ሁለት ፈተና ይበቃል። በመጀመሪያ ደኅና መሆኑን የምናውቀውን የጠረጴዛ መብራት በተጠረጠረው ሶኬት ላይ እንሰካለን። ቀጥለን የተጠረጠረውን ዕቃ ደኅና በሆነ ሌላ ሶኬት ላይ እንሰካለን። መብራቱ ካልበራ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው፤ ዕቃው በሌላው ሶኬት ላይም ካልሠራ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የገመዱ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱንም አይቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይገባል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ዕቃው ቢሠራለት እንኳ የዳነው በምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲታወክበትም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ነገር ግን መብራቱ በራ ማለት ኮረንቲው በቂ ነው ማለት አይደለም። ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲያግል የመሥመሩ ቮልት ይወርዳል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ ግን ኃይሉ ወደ 2340 ዋት ግድም ይቀንሳል፤ ማለትም ከሙቀቱ ሢሶው ይጐድላል። ምጣዱ ደኅና ሳለ እንጀራው ዐይን አላወጣ የሚለው፣ ባልትናዋ የተመሰገነ እናትም ሊጡን የምትወቅሰው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰዓቱን ለውጦ መጋገር ከሁሉ የቀለለ መድኃኒት ነው። ማቀዝቀዣ ግን በአነስተኛ ቮልት ሲሠራ ሞተሩ ለመነሣት ይታገላል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ኮረንቲው ሲደክም ነቅሎ መተው፣ ጠፍቶ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ያስፈልጋል። ከዚህ በተቃራኒ መብራቱ ከልማዱ ይልቅ እጅግ ቢደምቅ፣ ይህ ቮልቱ ከልክ በላይ የመውጣቱ ምልክት ነውና ዋናውን ብሬከር ወዲያው አጥፍቶ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ ይገባል።

ሌላው የጥፋት ምልክት ሙቀት ነው። ምጣድ ወይም ካውያ ከሠራ በኋላ ስፒናው በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሶኬቱ ከጠየመ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ መያዣው ላልቷል ማለት ነው። በላላ ቦታ ላይ ኮረንቲ በጭንቅ ያልፋል፤ በጭንቅ ሲያልፍም እሳት ይወልዳል። ምጣድን በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ጋራ መሰካትም እንዲሁ ነው። ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ሶኬትና የራሱ ብሬከር ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቀን የምንናገረው ስለ ፊውዝና ስለ ብሬከር ነው። አንዳንድ ቤት ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል፣ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይታሰራል፤ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድም በትልቅ ይለወጣል። መብራቱ ስለማይጠፋ ቤተ ሰቡ «ዳነ» ይላል። ነገር ግን ፊውዝ የቤቱ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሌሊት ቢጮኽ ሌባውን መፈለግ ይገባል እንጂ የዘበኛውን አፍ ማፈን አይገባም። ብሬከር የወረደው ሽቦው ከሚችለው በላይ ስለ ተጫነ ወይም ሁለት ሽቦዎች በአንድ ቦታ ስለ ተነካኩ ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ፣ ብሬከሩን አንሥቶ፣ አንድ በአንድ መልሶ መሰካት ጠላቱን ያሳያል፤ የትኛው ሲሰካ እንደ ወረደ ይታያልና። ሁሉ ተነቅሎ ሳለም ብሬከሩ አልቆም ካለ ጥፋቱ በግድግዳው ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራ።

እስካሁን የተናገርነው ከመሥመር ስለሚመጣው ኮረንቲ ነው። ባትሪን የኃይል ምንጭ ያደረጉም አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋውን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን በመኪና ላይ ይዞ የሚዞር ቤት የተለመደ ነው፤ መብራቱ ከ12 ቮልት ባትሪ ይበራል፤ ለሌላው ዕቃ ኢንቨርተር ባትሪውን ወደ 220 ወይም ወደ 120 ቮልት ይለውጣል። በእኛም አገር መሥመር ያልደረሰበት የገጠር ቤት በፀሐይ ሰሌዳና በባትሪ ያበራል። በከተራም ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርደው የድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና፣ በዚያ ሌሊት የሚተከሉትም ድንኳኖች በዚሁ ሥርዓት ይሠራሉ። መዝሙሩ በመካከል ቢቋረጥ የፍለጋው ተራ ያው ነው፤ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ የባትሪው ማሰሪያ፣ ከዚያ ፊውዙ፣ ከዚያ ኢንቨርተሩ፣ በመጨረሻ ማጉያው ነው።

የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ግድም ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግድም ከሆነ ግማሽ ነው፤ ከ11.8 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሥራ ፈትቶ ሙሉ መስሎ ሳለ፣ ዕቃው ሲሰካ ቮልቱ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ወይ ባትሪው አርጅቷል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። በማሰሪያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ፈትቶ አጽድቶ አጥብቆ ማሰር ብዙ «የሞተ» ባትሪ አስነሥቷል። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል።

በባትሪ ቤት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስሌቱ ነው። 1500 ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ በ220 ቮልት 7 አምፔር አይሞላም። ያው ማፍያ በኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ግን 125 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ ይህን ሊሸከም ስለማይችል ይግላል፤ ኢንቨርተሩም ጮኾ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ኢንቨርተሩ አልተበላሸም፤ የተጠየቀው ከዐቅሙ በላይ ነው። 300 ዋት የሚስብ የድምፅ ማጉያም 25 አምፔር ያህል ይወስዳል። የመኪናው ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት ቢሆን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከግማሹ በላይ ያልቃል፤ ከዚያም አልፎ ቢሠራ መኪናው ራሱ አልነሣ ይላል። ስለዚህ ለማጉያው የተለየ ባትሪ ማዘጋጀት ብልህነት ነው። በድንኳን አጠገብ ጄኔሬተር የሚያስነሡም ቢኖሩ በውስጥ ወይም በደጃፉ ፈጽሞ አያኑሩት። ከጭሱ ጋራ የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ስለ ሰው ሕይወት ጥቂት እንጨምር። ብረታቸው ሲነካ የሚያነዝሩ ምጣድና ማቀዝቀዣ «ትንሽ ነው» ተብለው አይታለፉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ወዲያው ተነቅሎ የመሬት ሽቦው በባለሙያ ይመርመር። የመሬት ሽቦ ማለት ከዕቃው ብረት የሾለከውን ኮረንቲ ወደ ምድር ወስዶ ብሬከሩን የሚያወርድ መንገድ ነው፤ እርሱ ከሌለ መንገዱ የምትጋግረው እናት ሰውነት ይሆናል። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግር ሆኖ ምጣድ መንካት እጅግ አደገኛ ነው፤ ከእግር በታች ደረቅ ሳንቃ፣ በእግርም የጎማ ጫማ ይሁን። ኮረንቲ የያዘው ሰው ቢገኝ ማንም በእጁ አይንካው። አስቀድሞ ብሬከሩ ይጥፋ፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦው ከሰውዬው ይለይ። ከዳነም በኋላ ደኅና ነኝ ቢል እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ጊዜም የነጐድጓዱ ድምፅ ከመቅረቡ በፊት ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ከጉዳት ያድናል።

ባለቤት ሊያደርገው የሚገባው ማየት፣ ማሽተት፣ መሰካትና መንቀል፣ ብሬከርን ማውረድና ማንሣት ነው። የሶኬትን ሽፋን መፍታት፣ ሽቦ መቀጠልና ብሬከር መለወጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። ቆጣሪውና ምሰሶው ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ናቸው፤ ጎበዝ ነኝ ብሎ በምሰሶ የሚወጣ ጎረቤት ቢኖር ሊመሰገን ሳይሆን ሊከለከል ይገባል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በሚመጣው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አባወራው ወይም እማወራዋ ልጆቹን ይዘው ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ዋናው ብሬከር የትኛው እንደ ሆነ ለሁሉም ያሳዩ፤ እያንዳንዱ ብሬከር የየትኛው ክፍል እንደ ሆነም በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በክፉ ቀን ግን እናት ከምጣዱ አጠገብ ስትወድቅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ወዴት ሮጦ ምን ማውረድ እንዳለበት ያውቃል። ልዑል እግዚአብሔር ቤታችሁን ከእሳትና ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅ።